ሐሙስ ይነበባል

«ቁጭ በዪ!» አለች ቲያ ፔርላ፣ የቴልማን ቀሚስ ከኋላ ጨብጣ።

ቴልማ ለቅሶ ደርሰው የሚወጡትን የከንቲባውን ሚስት ልትሸኝ ብድግ ብላ ነበር። አክስቷ ጎትታ መልሳ አስቀመጠቻት።

«ማኒላ ገብተሽ ሁሉንም ረሳሽው? ሬሳ ቤት ውስጥ እያለ ባለ ሐዘን እንግዳ አይሸኝም። እስከ አጥሩ በር ሸኘሽ ማለት ሞትን 'ተመልሰህ ና፣ ሌላ ሰው አለን' አልሽው ማለት ነው። ከዚህ ቤት የቀረነው ደግሞ እኔና አንቺ ነን። እኔ ገና ዓለሜን አልጨረስኩም።»

«እሺ ቲያ።»

«ቤትም አይጠረግም። እንዳትጠርጊ።»

የከንቲባው ሚስት ብቻቸውን ወጡ፤ ወለሉም ሳይጠረግ ዋለ። ለቀስተኛው የሐብሐብ ፍሬ እየፈለቀቀ ቅርፊቱን እግሩ ሥር ይጥላል፣ ቡናውን ፉት ይላል፣ ካርታ ይጫወታል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሟቹን ያማል። ዳኛ ሴቨሪኖ ማግባንዋ በመስተዋት ክዳን ሥር፣ የክት ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ መቁጠሪያ በጣቶቻቸው ላይ ተጠምጥሞ ተጋድመዋል። ሰኞ ጠዋት ለቁርስ ከቀረበላቸው ዓሣ ላይ እሾህ እየለቀሙ ሳለ ነው ልባቸው የቆመው። የሳንታ ኢኔስን ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት ዳኝተዋታል። ስለዚህም ሳሎኑ ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ግማሹ የፈረዱለት፣ ግማሹ የፈረዱበት ነበር።

«እኔን ለአንዲት ዶሮ አንድ ወር አሳስረውኛል» አለ አንዱ ካርታውን እየደረደረ።

«የሰረቅኸው ሦስት ነበር እኮ።»

«ሁለቱ አልተመሰከሩብኝማ! ይኸውልህ፣ እሳቸው ያልተመሰከረ አይቆጥሩም ነበር። ነፍሳቸውን ይማር።»

ቴልማ ይህን ስትሰማ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋ መጣ። ስኒዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። እዚያ የማታውቃቸው አሮጊት ጎንበስ ብለው ዕቃ ያጥባሉ።

የአገሩ ልጅ ታላቁን ሲያገኝ እጁን ይዞ ግንባሩን ያስነካል። ቴልማ እጇን ስትዘረጋ አሮጊቷ ደነገጡ። አረፋ የነካውን እጃቸውን በቀሚሳቸው ላይ ግራ ቀኝ አድርገው አድርቀው፣ ከዚያ ሰጧት።

«እጄ እርጥብ ነበርኮ፣ አቶርኒ» አሉ። በዚያ አገር ጠበቃ በስሙ አይጠራም፤ እናቱ እንኳ አቶርኒ ነው የምትለው።

«ማን ልበል ናናይ?» አለቻቸው፤ ናናይ እናቴ እንደ ማለት ነው።

«ሲዮን እባላለሁ። የኔስቶር እናት ነኝ፤ እስር ቤት ያለው። ሐሙስ ከክቡር ዳኛ ጋር ቀጠሮ ነበረን። እስከዚያ ዕቃ ላጥብ ብዬ ነው።»

ቴልማ ያን ማክሰኞ የዚያን ንግግር ትርጉም አልጠየቀችም። የሞተ ሰው ጋ ቀጠሮ አለኝ የሚልን አሮጊት ማን ይጠይቃል? ሐዘን ነው፣ እርጅና ነው ብላ አለፈች። እርስዋም የራሷ ሐዘን ነበራት።

ሐዘኗ ደግሞ ቀላል አልነበረም። ከአባቷ ጋር የታረቀችው ገና ባለፈው ሐሙስ ነበር። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ በዝናብ ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ እስኪመሽ አስጠብቀዋታል፤ ምስክር እየሰሙ ነበር። ስትመረቅ አልመጡም፤ ቀጠሮ ነበራቸው። እናቷ ስትሞት እንኳ የደረሱት ችሎቱን ዘግተው ነው። «ችሎት ሰው አይጠብቅም» ይላሉ፣ ያቺው አንዲት መልስ። በልጅነቷ ማዕድ ላይ ሲቀመጡ ደግሞ ያስተምሯታል፦ «ዐቃቤ ሕግ ዓሣውን ያመጣል፤ ትኩስ ነው ይላል፣ ሥራው ነው። ጠበቃ ይሸታል ይላል፤ ያም ሥራው ነው። ዳኛ ግን ቀምሶ ነው የሚናገር። ቀምሶ ዝም ካለ፣ ሁለቱም በከንቱ ጮኹ ማለት ነው።» እሷም ተምራ ጠበቃ ሆነች፤ የማኒላ ኩባንያዎች ጠበቃ። ይሸታል ስትል ኖረች።

ባለፈው ወር በስልክ ተጣሉ። «አንዲት ቀን!» ብላ ጮኸችባቸው። «አንዲት ቀን ብቻ ችሎቱ እኔን ይጠብቀኝ! ወደብ ላይ ቆመህ አግኝቼህ አላውቅም፣ አባ!» ሐሙስ በአራት ሰዓቱ መርከብ ስትደርስ ግን መትከያው ላይ ቆመው አየቻቸው፤ ጥቁር ካባቸውን አጣጥፈው በብብታቸው ይዘው፣ ከሩጫው የተነሣ ያለከልካሉ። እንደ ሕፃን አንገታቸው ላይ ተጠመጠመችባቸው። «ዛሬ ችሎቱን አስጠበቅኩት» አሏት እየሳቁ። እዚያው ወደቡ ላይ የተጠበሰ ዓሣ በሉ። ችሎቱ ውስጥ ማን እየጠበቀ እንደቀረ ግን አልጠየቀችም፤ ደስታዋ ለጥያቄ ቦታ አልነበረውም።

ረቡዕ ጠዋት የችሎቱ ጸሐፊ ፕሩደንሲዮ መጣ። አጭር፣ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ከዳኛው ግራ የተቀመጠ። አብሮት አቶርኒ ቤንሁር አለ፤ የድሆች ተከላካይ ጠበቃ፣ የአባቷ ጓደኛ፣ ሸሚዙ ምንጊዜም አንድ ቁልፍ የሚጎድለው። ፕሩደንሲዮ የመንግሥት መዝገቦች በሟቹ ቦርሳ ውስጥ ስላሉ መውሰድ አለብኝ አለ። ቴልማ ቦርሳውን አመጣች። ከካባው ሥር አንድ የታሸገ ፖስታ ወጣ፤ በአባቷ እጅ «ሐሙስ ይነበባል» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ባይከፍቱት ይሻላል፣ አቶርኒ» አለ ፕሩደንሲዮ።

ከፈተችው። ሠላሳ አንድ ገጽ ነው። የኔስቶር ፓሱዋ ጉዳይ፤ የእርሻ ጎሽ ሰረቀ ተብሎ ሰባት ዓመት ታስሮ የከረመ ሰው። አንዱ ምስክር ወደ ባሕር ማዶ ሄዶ አራት ዓመት ተጠበቀ፤ ዐቃቤ ሕጉ ሦስት ጊዜ ተቀየረ፤ ቤንሁር ራሱ ሁለት ቀጠሮ ረስቶ ቀረ። በማስረጃነት ፖሊስ ጣቢያው ጓሮ ታስሮ የነበረው ጎሽ እንኳ በእርጅና ሞተ። ዳኛው ግን ሁሉንም አንብበው፣ የተበጠሰውን ገመድ በእጃቸው አገላብጠው፣ ጎሹ ውሃ ሸቶት ገመዱን በጥሶ በራሱ እግር ወደ ኔስቶር ማሳ እንደሄደ ጽፈዋል። የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ተከሳሹ ጥፋተኛ መሆኑ ስላልተረጋገጠ ከክሱ በነፃ ተሰናብቷል። በሌላ ጉዳይ የማይፈለግ ከሆነ ዛሬውኑ ይፈታ።» ከሥሩ ፊርማቸው አለ።

ቤንሁር ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ነፃ! አይ ሴቨሪኖ... ቀምሶ ነበር፣ ሳይናገር ሄደ።»

«ታዲያ ይህ ይነበብና ሰውየው ይፈታ!» አለች ቴልማ።

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ሕጉን እሷም ታውቀዋለች፤ ለኩባንያ ስትከራከር ግን ትዝ ብሏት አያውቅም። ፍርድ የሚፀናው የጻፈው ዳኛ በሥልጣን ላይ ሳለ፣ ተከሳሹ ፊት ሲነበብ ነው። ዳኛው ከሞተ የጻፈው ነገር ባዶ ወረቀት ነው። አዲስ ዳኛ እስኪሾም፣ ያም ሰው መዝገቡን ከመጀመሪያው እስኪያነብ ኔስቶር እዚያው ይቀመጣል።

ቤንሁር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጄ፣ ስሚኝ። ባለፈው ሐሙስ ሁላችንም ችሎት ነበርን። ኔስቶርም ነበር፣ እኔም ነበርኩ፣ ዐቃቤ ሕጉም ነበር። ፕሩደንሲዮ ደግሞ የዕለቱን መዝገብ መጀመሪያ በእርሳስ ነው የሚጽፈው። አባትሽ ካየው በኋላ ነው በቀለም የሚደግመው። ያለፈው ሐሙስ እስካሁን በእርሳስ ነው። ገባሽ? 'ለሚቀጥለው ሳምንት ተላለፈ' የሚለውን በላጲስ ማጥፋት፣ 'ተነበበ' ብሎ መጻፍ። አንድ መስመር!»

«ዐቃቤ ሕጉስ?»

«አናግሬዋለሁ። ጎሹ ሞቷል፣ ዳኛው ሞቷል፣ እኔ ለማን ብዬ ልቃወም አለኝ። አንቺ ፖስታውን ስጪን፣ ሌላውን ለኛ ተዪው።»

ፕሩደንሲዮ ከኪሱ ላጲስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ያ ሰው በሕይወቱ አንድ ነጠላ ሰረዝ ዋሽቶ አያውቅም፤ አሁን ግን ተዘጋጅቷል።

ቴልማ በሩ በኩል የአባቷን ሣጥን አየች። ኩራት መጣባት። መጥፎ ጊዜ የሚመጣ ኩራት አለ፤ ያኛው ዓይነት ነው።

«አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ መስመር አልዋሸም» አለች። «ሬሳው ሳሎን ተጋድሞ በስሙ የሐሰት መዝገብ አይጻፍም። በሕጉ መንገድ እንሂድ። እኔ ራሴ አቤቱታ እጽፋለሁ።»

«በሕጉ መንገድ ሰባት ዓመት ሄደናል እኮ፣ ልጄ።»

«አልኩ እኮ፣ አቶርኒ።»

ፕሩደንሲዮ ላጲሱን አነሣ። «የተላለፈበትን ምክንያት ላንብብልዎት? እዚህ ተጽፏል።»

«አያስፈልግም። በቀለም ይጻፉትና ወደ በላይ ፍርድ ቤት ይላኩት።»

«እሺ» አለ፤ ፊቱ ላይ እፎይታ ይሁን ሐዘን ሳይለይ። ሁለቱም ተነሥተው ወጡ፤ ማንም አልሸኛቸውም።

ሐሙስ ጠዋት ናናይ ሲዮን ዕቃ አላጠቡም። የቤተ ክርስቲያን ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አስረው፣ ጓዳው በር ላይ ትንሽ ቦርሳ ታቅፈው ተቀምጠዋል። ከቦርሳው አፍ የተተኮሰ የወንድ ሸሚዝ ኮሌታ ይታያል።

«የኔስቶር ነው» አሉ ቴልማ ስታይ። «ያለፈው ሐሙስም ይዤው ነበር። ከተፈታ በእስር ቤት ልብስ መንገድ ላይ እንዳይሄድ ብዬ።»

ቴልማ አጠገባቸው ተቀመጠች። አቤቱታ እንደምትጽፍ፣ ትንሽ መታገሥ እንዳለባቸው ልትነግራቸው ነበር። «ናናይ» አለች፣ «ያለፈው ሐሙስ ለምን ሳይነበብ ቀረ? አባቴ ቀጠሮ አያስተላልፍም ነበርኮ።»

አሮጊቷ ዞር ብለው አዩዋት። የምታውቅ መስሏቸው ነበር።

«እርስዎን ሊቀበሉ ሄደው ነዋ።»

አሮጊቷ ቀጠሉ፦

«ወረቀቱን ይዘው ብድግ አሉ፤ ሁላችንም ቆምን። ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ በመነጽራቸው ላይ እኔን አዩኝ። 'ናናይ፣ ልጄ በአራት ሰዓቱ መርከብ እየመጣች ነው። አንድ ጊዜ ነው የለመነችኝ። ይህ ረጅም ነው፤ ማሳጠር ደግሞ አልችልበትም። ሐሙስ ላንብብላችሁ?' አሉ። ዳኛ እኔን ሲያስፈቅድ ያዩት! እኔም 'ይሂዱ ክቡር ዳኛ፣ ልጅ አይጠብቅም' አልኳቸው። ኔስቶርም በካቴና እጁን አንሥቶ ቻው አላቸው። ሰባት ዓመት የቆየ ሰባት ቀን አያቅተውም ብለን ነው።» ሸሚዙን ወደ ውስጥ ገፋ አደረጉት። «ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች ይባል የለ።»

ቴልማ በቤት ጫማዋ ሮጠች። ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ስትሮጥ አያት። ፕሩደንሲዮን ችሎቱ ውስጥ ባዶው ወንበር ግራ ተቀምጦ አገኘችው፤ ቤንሁርም ከተከላካዮቹ አግዳሚ ላይ ሆኖ ብስኩት ይበላል።

«ላጲሱን አውጣው!» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ተነበበ በል! እኔ እፈርማለሁ፣ እኔ እመሰክራለሁ፣ ነበርኩ እላለሁ!»

ፕሩደንሲዮ መዝገቡን ወደ እሷ አዞረው። በሰማያዊ ቀለም፣ በዚያ እንደ ማተሚያ በሚያምር እጁ፣ እንዲህ ይላል፦ «ክቡር ዳኛው አስቸኳይ የግል ጉዳይ ስላጋጠማቸው ንባቡ ለሚቀጥለው ሐሙስ ተላልፏል።»

«ትናንት እርስዎ እንዳዘዙኝ ወዲያው ጻፍኩት። ቅጂው በማለዳው መርከብ ሄደ።»

«ደውሉ! አስመልሱት!»

«መርከብ ነው፣ አቶርኒ» አለ ፕሩደንሲዮ።

ቤንሁር የብስኩቱን ፍርፋሪ ከሸሚዙ ላይ አራገፈ። ሊያጽናናት አልፈለገም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ትናንት ብትጮኺ ኖሮ ሰውዬው አሁን ሸሚዝ እየቀየረ ነበር። እኔ ሁለት ቀጠሮ ረስቻለሁ፣ በድያለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አንቺ ግን ሳትረሺ ነው ያደረግሽው።»

ስትመለስ ናናይ ሲዮን ሣጥኑ ፊት፣ ለዘመድ በተቀመጠው የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቲያ ፔርላ ልታስነሣቸው ብትሞክር «ቀጠሮዬ እኚህ ጋ ነው» ብለው እምቢ ብለዋታል። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ነው፤ የችሎቱ ሰዓት።

ቴልማ ፖስታውን አመጣች። ለምን እንደምታነበው እርስዋም አላወቀችም። አሮጊቷ የልጃቸውን ንጹሕነት የመስማት መብት አላቸው ብላ ይሆናል፤ የራሷን ልብ ልታሳርፍ ፈልጋም ይሆናል፣ ይህኛው የሚመስል ነው። ሣጥኑ ራስጌ ቆማ የክሱን ቁጥርና የተከሳሹን ስም ጠራች። ካርታ ተጫዋቾቹ ከልማድ የተነሣ ብድግ አሉ። ያቺን አነባበብ ሁሉም ያውቋታል፤ ቁጭ ብሎ የሰማት የለም። በዶሮ የታሰረው ሰውዬ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ምነው፣ ሬሳ ላይ ፍርድ ይነበባል?» አለች ቲያ ፔርላ፤ ግን እርስዋም ቆመች።

ሠላሳ አንዱንም ገጽ አነበበች። አባቷ አሳጥረው አያውቁምና አላሳጠረችም። ስለ ገመዱ፣ ስለ ውሃው፣ ምስክሩ አየሁ ስላለበትና ሊያይ ስለማይችልበት ሰዓት። ናናይ ሲዮን እጃቸውን ሸሚዙ ላይ አድርገው እያንዳንዱን ቃል በከንፈራቸው ይከተላሉ። «ከክሱ በነፃ ተሰናብቷል» ስትል ከኋላ አንዲት ሴት ጮክ ብላ አለቀሰች። «ዛሬውኑ ይፈታ» ስትል ናናይ ሲዮን ተነሡ።

«ዛሬ አሉ?»

«እንዲያ ይላል፣ ናናይ።»

«ስለዚህ በየትኛው በር ነው የሚወጣው? በፊት ለፊቱ ነው ወይስ በኋላው? እንዳንተላለፍ።»

ቴልማ ወረቀቱን አጠፈች፣ መልሳ ዘረጋችው።

«አይወጣም፣ ናናይ። አባቴ ሳያነበው ስለሞተ... ሕጉ አይቀበለውም። አዲስ ዳኛ እስኪሾም ነው። ዓመት ሊሆን ይችላል፤ ሁለትም።»

«አዲሱ ዳኛ ይህንኑ ያነብለታል?»

«የራሱን ነው የሚጽፈው። ምን እንደሚል አላውቅም።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ወደ እሷ አነሡ።

«ታዲያ ምን አነበብሽልኝ?»

ከማክሰኞ ጀምሮ እርስዎ ሲሏት የነበሩት ሴት አሁን አንቺ አሏት። መብት የሚለው ቃል ቴልማ አፍ ላይ መጥቶ አሳፈራት።

«ልጄ ሌባ አለመሆኑን እኔ አውቅ ነበር» አሉ ናናይ ሲዮን። «ሰባት ዓመት ያለ ወረቀት አውቅ ነበር። አሁን ሄጄ ምን ልበለው? ነፃ ነህ ግን ተቀመጥ?» ሸሚዙን ከቦርሳው አውጥተው ኮሌታው እንዳይጨማደድ አስተካክለው አጠፉት፣ መልሰው ከተቱት። «እኔ ልሂድ። እነዚህን ቀናት ዕቃችሁን አጥቤያለሁ፤ አንድም ነገር አልጠየቅኩሽም። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ይጠይቁኝ።»

«ሸኚኝ። እስከ አጥሩ በር።»

አንዱ ለቀስተኛ አፉ ውስጥ የያዘውን የሐብሐብ ፍሬ ዋጠው። ቲያ ፔርላ እንደ ተወጋ ሰው ጮኸች። «አንቺ ሴትዮ! ሞትን በቤታችን ላይ ልትጠሪ ነው? ሬሳው ገና አልወጣምኮ! ቴልማ፣ እንዳትነቃነቂ! እኔን ልታስገድዪኝ ነው?»

ናናይ ሲዮን ድምፃቸውን አላነሡም። «እኔ አባትሽን ሂዱ ብያቸዋለሁ» አሉ ቴልማን ብቻ እያዩ። «አንቺን እንዲቀበሉ። አሁን ተራሽ ነው።»

ቴልማ አክስቷ የያዘችውን ቀሚሷን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ያልተጠረገው ቅርፊት ከእግሯ ሥር እየተሰባበረ ሳሎኑን አቋረጠች፤ የአሮጊቷን ክንድ ያዘች። ግቢውን አብረው አለፉ። ቲያ ፔርላ ከኋላ ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የቅዱሳንን ስም ሁሉ እየጠራች ታለቅሳለች። አጥሩ በር ላይ ሲደርሱ ቴልማ መቀርቀሪያውን በራሷ እጅ ከፍታ ቀድማ ወጣች። መንገዱ ላይ ባጃጅ ቆሟል።

አንድ ነገር ማለት ፈልጋ ነበር፤ ግን ሊባል የሚችል ሁሉ ወረቀቱ ላይ ተብሎ አልቋል። ጎንበስ ብላ የናናይ ሲዮንን እጅ አነሣችና ግንባሯን አስነካች። እጃቸው ደረቅ ነበር። አሮጊቷ አልከለከሏትም፣ አልባረኳትምም፤ እስክትጨርስ ጠበቁ።

ከዚያ እጃቸውን መልሰው ወሰዱት፤ በቤተ ክርስቲያን ቀሚሳቸው ላይ ግራ ቀኝ አድርገው ጠረጉትና ሸሚዙን ታቅፈው ባጃጁ ውስጥ ገቡ።